ከቁጫጭ እስከ ገብረ ጉንዳን

ከቅዱስ ቁርኣን ምዕራፎች 27ኛው በጉንዳን ስም መጠራቱ ለእናንተ አዲስ አይደለም። እኛ ቁጫጭ፣ ጉንዳን፣ ገብረ ጉንዳን ብለን እናልፋቸዋለን፤ አጥኚዎች ግን ከ14,000 በላይ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

የገብረ ጉንዳን ሠራተኞች ዓይን የላቸውም። ያ ሁሉ ሠራዊት የሚጓዘው ከፊት ያለፉት የተዉትን ሽታ እየተከተለ ነው፤ ሱብሐነላህ! በደቡብ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ቤት አይቆፍሩም። እግር ለእግር ተያይዘው ንግሥታቸውንና እጮቻቸውን በገዛ ገላቸው ይከልላሉ። የሽታው መንገድ ዞሮ ከራሱ ጋር ሲገጥም ግን ጉድ ይፈላል፤ ሰልፈኞቹ ክብ ሠርተው ሲዞሩ ሲዞሩ ብዙዎቹ ደክመው ያልቃሉ።

የአውስትራሊያው ቡል አንት ሌላ ነው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ብቻውን ያድናል፤ ሰው ሲጠጋው ብዙ ጊዜ አይሸሽም። በመንጋጋው ይይዝና በጅራቱ ጫፍ ባለው መውጊያ መርዙን ይሰዳል። በታስማኒያ የሚገኘው አንድ ትንሽ ዘመዱ፣ እየዘለለ የሚሄደው፣ መርዙ የማይስማማቸውን ሰዎች እስከ መግደል ደርሷል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች እዚያ ያሉ ሐኪሞች ያንኑ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በመርፌ በመስጠት ሰውነታቸውን ያለማምዳሉ። መድኃኒቱን ለማግኘትም ያንኑ ጉንዳን ከየጎጆው እየለቀሙ መርዙን ማውጣት ግድ ነው።