«ማር እስከ ጧፍ»ን የዘለለ አድማጭ «ኢትዮጵያ»ን አልሰማም

ቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበም ሚያዝያ 2009 ሲያወጣ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ለኢቢሲ የሰጠው ቃለ መጠይቅ ሳይተላለፍ ቀረ። ነሐሴ ላይ በሂልተን ሊደረግ የታሰበው የምረቃ ዝግጅትም በፖሊስ ታገደ። ከዚያ ወዲያ አልበሙን እንደ አልበም የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ግማሹ እንደ ባንዲራ ሰቀለው፣ ግማሹ ደግሞ «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» ብሎ ወረወረው። ሁለቱም የተጣሉት በርዕሱ ነው።

የርዕሱ ዘፈን ለስታዲየም የተሠራ ነው። ጥር 2010 ባሕር ዳር ላይ ሕዝቡ ከዘፋኙ ጋር ሲዘምር ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ሆኖም የአልበሙ ሐሳብ ያለው እዚያ አይደለም። ሐሳቡ ያለው ጎጃም ውስጥ፣ «ማር እስከ ጧፍ» ላይ ነው።

ዘፈኑ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዞ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ያዜማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ቆንጆ የፍቅር ዘፈን» ብሎ ያልፋል። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ሙሉ አልበም የሚሠራ ሰው ግን ከመጻሕፍት ሁሉ ለምን ይሄን መረጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድነትን ለመስበክ ቢፈልግ ድል የተቀዳጀ ጀግና ሞልቶለታል፤ እሱም ቢሆን በ2004 «ጥቁር ሰው» ላይ አድዋን አዚሟል። እዚህ ግን የመረጠው የተሸነፉ ሰዎችን ነው።

እስቲ መጽሐፉን እናስታውስ። የማንኩሳው በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማረ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ቤታቸው ያስገቡታል። ፊታውራሪ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲመርጡና ሲያማርጡ ዕድሜዋ እየሄደባት ነው። የቀረበውን ሁሉ የአጥንቱን ጥራት እየመዘኑ መልሰውታል። ይህን እብደት በግልጽ እብደት ነው የሚለውን ሰው አገሩ «ጉዱ ካሳ» ብሎ አሳበደው። በስተመጨረሻ በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሳ በአንድ መቃብር ተገናኙ። የገደላቸው ጠላት ወራሪ አልነበረም፤ ዘር ቆጠራ ነው።

2009ን ደግሞ እናስታውስ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር፤ ሰው ሥራም ቤትም ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚመዘነው በየት ወገንነቱ ነበር። የፊታውራሪ መሸሻ ሚዛን አልተሰበረም፤ ከግቢያቸው ወጥቶ ቢሮ ገባ እንጂ። በዚያ ዓመት የወጣ፣ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የያዘ አልበም በልቡ ላይ በዘር ቆጠራ የሞቱ ሦስት ሰዎችን መቃብር አስቀመጠ። ይህ ናፍቆት ከሆነ ናፍቆት የሚለው ቃል ትርጉሙን አጥቷል።

«የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» ባዮች እዚህ ላይ ተጠልፈው ይወድቃሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለባላባቱ ሥርዓት የተጻፈ ውዳሴ አይደለም። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ከልክ ያለፈውን ግብር አንሰጥም ብለው ፊታውራሪን ይማርካሉ። ይህን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው፣ በጎጃም ገዳማትና አድባራት ተምረው፣ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን የታሰሩ ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ሲታተም የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣን ነበሩ። አገራቸውን እንደዚያ ወደው፣ ሥርዓቷን እንደዚያ ከሰሱ። አገር መውደድና ሥርዓት መክሰስ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ደጋፊውም አይምለጥ። ዘፈኑን ለባንዲራ ማውለብለቢያ ብቻ የሚፈልገው ወገን ከፊታውራሪ ግቢ ማዶ የቆመ ይመስለዋል። «የእኛ ዘር» ማለት የጀመረ ዕለት ግን ግቢው ውስጥ ነው፤ ጎጃሜ ቢሆንም፣ ዘፈኑን በቃሉ ቢወጣውም።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ የሥነ ጽሑፍ ዘበኞች። ትልቅን ልብ ወለድ በጥቂት ደቂቃ ዘፈን አረከሰው ይላሉ። ለመሆኑ ይህን መጽሐፍ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ያወቀው በምንድን ነው? በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሰብለ ወንጌልን ያለቀሰላት በጆሮው ሰምቶ ነው። ቴዲ መጽሐፉን ወደ ጆሮ መለሰው እንጂ ከመደርደሪያ አላወረደውም።

ርዕሱም ቢሆን ዝም ብሎ ቤት መድፊያ አይደለም። ንብ ያለው የጎጃም ገበሬ ያውቀዋል፦ ማሩ ከተበላ በኋላ የቀረው ሰፈፍ ቀልጦ ሰም ይሆናል፣ ፈትሉ በሰሙ ተነክሮ ጧፍ ይወጣዋል፣ ጧፉ በቅዳሴና በፍትሐት ይበራል። ጣፋጩና የሚነደው ከአንድ ቀፎ ነው። «ፍቅር» ማር ሆነ፣ «መቃብር» ጧፍ ሆነ። ሐዲስ በሦስት ቃል ያሉትን ዘፋኙ በሦስት ቃል መለሰላቸው፤ ያውም በአገራቸው ዕቃ።

አልበሙ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ርዝመቱ ያደክማል፤ አንዳንዱ ዘፈን ባይኖር የሚናፍቀው የለም። «አፄ ቴዎድሮስ» ከ«ማር እስከ ጧፍ» አጠገብ ሲሰማ ጩኸቱ ይበዛል። ያም ሆኖ «አና ኛቱ» በሚል የኦሮምኛ ስም ያለው ዘፈን፣ የንጉሡ ስምና የማንኩሳው ድኻ በአንድ አልበም ሲቀመጡ አጋጣሚ አይደለም። ዘፈን እየመረጠ በስልኩ የሚያዳምጥ ትውልድ ይህን ስፌት አያየውም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ክፍል ውስጥ ሊያገኘው የሚገባ ልጅ ክፍል የለውም። ስልክ ላይ ግን ዘፈኑ አለ። «ሰብለ ማን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ እቤት ውስጥ የሚመልስለት አይጠፋም፤ ወጋየሁን በሬዲዮ የሰሙ አያት።