ለቡችላ ጥሬ ሥጋ? እስቲ ቆይ!

ውሻችን ትንሽ ያነክሳል። የዛሬው ጨዋታችንም ስለ እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ ማግስት ነው። አባቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ እናቱ የሰፈር ውሻ የሆነች የሁለት ወር ቡችላ ቤታችን ገባ። ስሙ ቡቺ ነው (አዎ፣ ስም ማውጣቱ ላይ ብዙም አልተጨነቅንም)። እማዬ «ውሻ ፍርፋሪ በልቶ ነው የሚያድገው» አለች። እኛ ግን ዘመናዊዎች ነንና ኢንተርኔት ከፈትን። የፈረንጅ ውሻ አሳዳጊዎች በሙሉ ስለ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ጥሬ ምግብ! ኢያን ቢሊንገርስት የሚባል አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም በ1993 እ.ኤ.አ ባሳተመው መጽሐፍ ነው ነገሩን ያስፋፋው። «ባርፍ» ይሉታል (ቃሉ በእንግሊዝኛ ትውከት ማለትም ነው፤ ምርጫው የእነሱ ነው)። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ ጥሬ ሥጋና ጥሬ አጥንት ይብላ ነው ሐሳቡ።

እኛ ቁርጥና ክትፎ የምንበላ ሕዝብ ነን። ጥሬ ሥጋ አዲስ ግኝት ተብሎ ሲነገረን ሳቃችን መጣ። ሳቃችን ሲያበቃ ግን ሰፈራችን ካለው ሥጋ ቤት ቀይ ቅንጥብጣቢ እያስመዘንን ቡቺን እንመግበው ጀመር። ፀጉሩ አበራ፣ ሆዱ ሞላ፣ እኛም በጎረቤት ፊት ኮራን። አራት ወር ተኩል ሲሞላው የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ጎበጡ። ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ስናነሳው ይጮኻል።

የእንስሳት ሐኪሙ እግሩን ዳበሱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ምንድን ነው የሚበላው?»

«ሥጋ!» አልን በኩራት።

«ሌላስ?»

ዝም አልን።

እናላችሁ፣ ጉዳዩ እንዲህ ነው። መቶ ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ ወደ 200 ሚሊግራም የሚጠጋ ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ ግን ከ10 ወይም ከ15 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ለሚያድግ ቡችላ ደግሞ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። ጎዶሎው ሲበዛ ሰውነት የት ሄዶ ይበደራል? ከአጥንት! በየቀኑ ሥጋ እየበላ፣ ጠግቦ እየተኛ፣ የገዛ አጥንቱ ይሳሳል። ተኩላውማ ያደነውን ከነአጥንቱ፣ ከነጉበቱ፣ ከነኩላሊቱ ነው የሚጨርሰው። እኛ ከተኩላው ታሪክ ለእጃችን የተመቸንን ቁራጭ ብቻ ወሰድን።

«ታዲያ አጥንትና ጉበት ጨምሩበታ» የምትሉ ትኖራላችሁ። የጥሬ ምግብ ወዳጆች ቀመርም ይኸው ነው፤ 80 እጅ ሥጋ፣ 10 እጅ አጥንት፣ 10 እጅ የሆድ ዕቃ፣ ከዚህም ግማሹ ጉበት። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ይህም ቢሆን ዚንኩ፣ አዮዲኑና ቫይታሚን ኢው ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል። ጉበቱ ከበዛ ቫይታሚን ኤው ራሱ መርዝ ይሆናል። ዝርያው ትልቅ የሆነ ቡችላ ላይ ደግሞ ካልሲየም ሲበዛም አጥንት ያበላሻል። እና ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚመዝነው ማነው? መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋስ? ፍልሰታ ሲገባ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች አብዛኞቹ ዘጉ፤ ቤታችንም ጾመኛ ነው። ቡቺ ብቻውን ተኩላ ሊሆን ነው እንዴ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ውሻው ነው። የባሰው ስለ እኛው ነው።

የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ ለውሻና ለድመት ጥሬ የእንስሳት ተዋጽኦ መመገብ አይመከርም ሲል አቋሙን አሳውቋል። ምክንያቱ ሳልሞኔላና መሰሎቹ ናቸው። ውሻው ባይታመም እንኳ በአፉና በዓይነ ምድሩ ያስተላልፋቸዋል፤ ያው ውሻ ደግሞ የልጆችን ፊት ይልሳል።

እዚህ አገር ከሳልሞኔላ በላይ የሚያስፈራን ግን ሌላ ነው። የበዓል ዕለት ግቢያችንን አስቡት። በጉ ታርዷል፣ ቆዳው ተገፏል፣ ሆድ ዕቃው ወጥቷል። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች ይታያሉ። «ይሄስ አይበላም» ይባልና ይወረወራል። ለማን? ለውሻው! ያ ከረጢት ሃይዳቲድ ይባላል። ቄራ ውስጥ በሚደረግ ምርመራ በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። ውሻ በጥሬው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ትሎች ይሆናሉ። ከሳምንታት በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ሣር ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ከዚያም የልጆች እጅ ላይ። ሰው ሲውጠው ከረጢቱ በተራው በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል። ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ያድግና ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ውሻው ግን ምንም አይሆንም፤ ጅራቱን እየቆላ ይዞራል።

ለዚህ ነው «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ክርክር እኛን የማያሳምነን። ትሉም ተፈጥሯዊ ነው። «የመንገድ ውሾች ሥጋ ቤት ደጅ ጥሬ እየበሉ ይኖሩ የለ?» ለሚለውም፣ እኛ የምናየው የተረፉትን ነው።

በነገራችን ላይ እማዬም ሙሉ በሙሉ አላሸነፈችም። የእኛ ቤት ፍርፋሪ ማለት ወጥ ነው፤ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ይህን ስንነግራት «ድሮ የነበረው ውሻችን 12 ዓመት ኖሯል» አለች። መልስ አልነበረንም፤ ቢሆንም ወጡን ከልክለናል።

አሁን ምን እናደርጋለን? ሥጋውን እንቀቅላለን። ሳንባ ከተገኘ ከረጢት የሌለውን መርጠን፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አፍልተን ነው። ሩዝ፣ ካሮት፣ እንቁላልና ጥቂት ጉበት እንጨምራለን። የእንቁላሉን ቅርፊት አጥበን፣ አድርቀን፣ እንደ ዱቄት ወቅጠን ለአንድ ኪሎ ሥጋ ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ እንነሰንሳለን፤ ወደ ሁለት ግራም ካልሲየም ይወጣዋል። የተቀቀለ አጥንት አንሰጥም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ይህም ሙሉ ምግብ ነው አንልም። የጎደለውን ሐኪሙ በቫይታሚን ይሞላሉ፤ የትሉን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልንም ቀጠሮ እየያዙ ይሰጡልናል። ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ መግዛት የሚችል ካለ ያንን ይግዛ፤ አንቀየምም። ዋጋውን አይተን ነው እኛ የተመለስነው።

ቡቺ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው። ደረጃውን ይወጣል፤ ግራ እግሩ ግን እንደጎበጠ ቀርቷል፣ ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይቃናም ብለውናል። ገና እየመጣ ስለሆነ እማዬ ለሳንባው ጉድጓድ ከጓሮው የቱ ጋ እንደምንቆፍር ከወዲሁ እየጠየቀችን ነው። ጥልቅ መሆን አለበት ብለናታል፤ የጎረቤት ውሾች አጥሩን ይዘላሉ።