ነጋሪት ያልተጎሰመለት ድረ ገጽ

በቀድሞው ዘመን አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ቆሞ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ቃሉን ያደርስ ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው ቃሉ ሰው ካለበት ስፍራ መነገሩ ነው፤ ሁለተኛውም የሰማው ላልሰማው እንዲያደርስ አደራ የሚጣልበት መሆኑ ነው።

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን የሚያወጡት በድረ ገጽ ነው። ነገር ግን አዲሱ ድረ ገጽ ተመርቆ ጭብጨባው ካለፈ በኋላ፣ ባለ ጉዳዩ በስልኩ ፈልጎ የሚያጣው ጊዜ ጥቂት አይደለም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደ ተባለ፣ ስሙን ያላስጠራ ገጽም እንዲሁ ቀርቶ ይቀራል። ስለዚህ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አዲስ ድረ ገጽ በፍለጋ መሣሪያዎች ዘንድ የሚታወቅበትን መንገድ እንመለከታለን። ነገሩ ከምትማሩት ፊደል ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

የፍለጋ መሣሪያ የምንለው እንደ ጉግልና እንደ ቢንግ ያለውን ነው። ብዙ ሰው፣ በጠየቀ ጊዜ መሣሪያው ያን ጊዜውኑ ዓለምን ዞሮ የሚፈልግለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያው አስቀድሞ ከገጽ ወደ ገጽ እየተዘዋወረ ያነበበውን በመዝገብ ያሰፍራል፤ ጠያቂ ሲመጣም የሚያገላብጠው ያንኑ መዝገብ ነው። መዝገብ ቤት ያልገባ ደብዳቤ መልስ እንደማያገኝ ሁሉ፣ በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ገጽም የቱን ያህል ቢያምር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሀዋታ በሱዳን በገዳሪፍ ግዛት በራሀድ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ስለ ሀዋታ የሚናገር ገጽ ብናዘጋጅ፣ ስሟን በየትኛው «ሀ» እንጽፈዋለን? በአማርኛ ይህን አንድ ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብለን በስድስት ዓይነት ልንጽፈው እንችላለን። እኔ አፌን የፈታሁበት ትግርኛ ሀን ከሐ በድምፅ ይለያል፤ ዐረቦችም ይህችን ከተማ የሚጠሯት በጉሮሮው ሐ ስለ ሆነ፣ የትግርኛ ተናጋሪ ሲሰማት «ሐዋታ» ብሎ ቢጽፋት አይፈረድበትም። የአማርኛ ተናጋሪው ግን ልዩነቱ በጆሮው ስለማይገባ፣ እጁ እንደ ለመደ ይጽፋታል።

ለሰው ዓይን ይህ ሁሉ አንድ ስም ነው። ለኮምፒዩተር ግን አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ በዚያ ሠንጠረዥ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ መሣሪያው እንዲያመሳስላቸው ተብሎ በተለይ ካልተሠራ በቀር፣ «ሐዋታ» ብሎ የጠየቀውን ሰው «ሀዋታ» ከሚል ገጽ ጋር የሚያገናኘው የለም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በዚሁ ሒሳብ በ12 ዓይነት ይጻፋል። ወንዙም ቢሆን በሱዳን ራሀድ ሲባል፣ በላይኛው የኢትዮጵያ ክፍል ሽንፋ ይባላል፤ አንዱን ስም ብቻ የያዘ ገጽ ከሁለቱ ወገን አንዱን ያጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በገጹ ሁሉ በእርሱ መጽናት፤ ሌሎቹን የታወቁ አጻጻፎች፣ የዐረብኛውንና የላቲኑንም ጭምር፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንድ ጊዜ በግልጽ ማስፈር ይገባል። ቃላትን ያለ ልክ መደርደር ወይም በነጭ ላይ በነጭ ጽፎ መደበቅ ግን መሣሪያዎቹ እንደ ማታለል ስለሚቆጥሩት ገጹን ወደ ታች ይጥለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋው ደረጃ ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት «የማንነት ማረጋገጫ ሰነድ ምትክ አሰጣጥ» ብለን እንጽፋለን፤ የተቸገረው ሰው ግን የሚጠይቀው «መታወቂያ ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። የገጹ ርእስ ጠያቂው በሚናገረው ቃል ይጻፍ። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርእስ ትሕትና ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ማኅተሙ ለሰው እምነት ይሰጣል፤ ነገር ግን የፍለጋ መሣሪያ በሥዕል ውስጥ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ያነብልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ከፎቶግራፉ ሥር ቃሉን እንደ ገና በፊደል መጻፍ ግዴታ ነው።

አራተኛው የምስክር ጉዳይ ነው። ጉግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሲመሠረት ዋናው ሐሳቡ፣ ሌሎች ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ የተሻለ ክብደት ይኑረው የሚል ነበር። ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መንገድ ማስፈንጠሪያ እንለዋለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የወረዳው ገጽ የትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱም የጤና ጣቢያውን ቢጠቁም፣ ሁሉም አብረው ይታወቃሉ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ማለት በዛሬው ቋንቋ ይኸው ነው። ማስፈንጠሪያ በገንዘብ መግዛት ግን የሐሰት ምስክር ማቆም ስለ ሆነ ያስቀጣል።

ከዚህ በኋላ የባለሙያው ሥራ ይቀራል። የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይት ማፕ አዘጋጅቶ፣ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል አገልግሎት ያለ ክፍያ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ቢንግም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው። ድረ ገጹ ሲሠራ ለጊዜው የተጻፈው «አትመዝግብ» የሚል ትእዛዝ መነሣቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ትእዛዝ ሳይነሣ ከቀረ ገጹ በሩ ተዘግቶ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ይሆናል። ይህ ሁሉ ከተደረገም በኋላ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት መታገሥ ይገባል። «ገንዘብ ክፈሉኝና አንደኛ አደርጋችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት፤ ጉግል ራሱ አንደኛነትን ዋስ ሆኖ የሚሰጥ ማንም እንደሌለ ያስታውቃል።

ምናልባት ይህ ሁሉ ድካም ስለ አንድ ፊደል ነው ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሚፈልገው ማን እንደ ሆነ እናስብ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ በገዳሪፍ ግዛትም በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከእናቱ የተለየ ልጅ፣ የትምህርት ማስረጃው የጠፋበት ተማሪ፣ የት ማመልከት እንዳለባት የማታውቅ እመጫት፣ በእጃቸው ያለው አንድ ስልክ ብቻ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች የቦታውን ስም የሚጽፉት እንደ ሰሙት ነው፤ እንደ እኛ መዝገበ ቃላት አይደለም።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስታወጡ «ተለጥፏል» ብላችሁ ፋይሉን አትዝጉ። በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላ ሰው አጻጻፍ ፈልጉትና ከተገኘ ያን ጊዜ ዝጉት።

ለሳምንቱ በደኅና ያገናኘን።