ስልክ በመለወጥ እጅ አይነጻም

የተማረው ከተሜ ወገናችን አዲስ የስልክ ሞዴል በወጣ ቁጥር የሚይዘው ትኩሳት በኢኮኖሚክስ ብቻ የሚብራራ አይመስለኝም። ትናንት ሲደወልበትና ፎቶ ሲነሳበት የዋለ ስልክ ዛሬ «አሮጌ» የሚባለው ለመሆኑ ምን ጎድሎት ነው?

ዋጋውን የሚከፍለው ገዢው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በስልካችን ውስጥ ላሉት ደቃቅ ካፓሲተሮች የሚሆነው ታንታለም የሚገኘው ኮልታን ከተባለው ማዕድን ሲሆን፣ ከዓለም ትልቁን ድርሻ የምታቀርበውም ዲሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኮንጎ ናት። በሰሜን ኪቩ የሚገኘውን የሩባያን የኮልታን ማዕድን ኤም 23 የተባለው አማፂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ያዘው። ለባትሪ ከሚውለው የዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣውም ከዚያችው አገር ደቡባዊ ክፍል ነው፤ በዚያ ሕፃናት ማዕድን እየለቀሙና እያጠቡ እንደሚውሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 በሪፖርቱ አጋልጧል። የቡካቩው ሐኪም ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ፣ እርሳቸውም ዘመናዊ ስልክ እንደሚይዙና በውስጡ የአገራቸው ማዕድን እንዳለ ለታዳሚው ነግረውታል። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ስልኩንም በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሕግ አልወጣም አይባልም። አሜሪካ በ2010 ኩባንያዎች የማዕድናቱን ምንጭ እንዲያሳውቁ ደነገገች፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የኅብረቱ ሕግ ቆርቆሮን፣ ታንታለምን፣ ተንግስተንንና ወርቅን ይዘረዝራል። ኮባልት ግን በዝርዝሩ የለም!

አሁን ደግሞ «ሥነ ምግባራዊ ስልክ» የሚባል መጽናኛ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአምስተርዳም የተቋቋመው ፌርፎን ባትሪውና ስክሪኑ በተራ ጠመንጃ መፍቻ (ይቅርታ፣ ካቻቢቴ ማለቴ ነው) የሚለወጥ ስልክ ይሠራል፤ በ2023 ላወጣው አምስተኛ ሞዴልም ቢያንስ የስምንት ዓመት የሶፍትዌር ድጋፍ ቃል ገብቷል። አድናቆቴን አልነፍገውም፤ ድርጅቱ ራሱ ፍጹም ፍትሐዊ ስልክ ሠራሁ አለማለቱም ያስመሰግነዋል። በሮተርዳምና በፍራንክፈርት ያላችሁ ወገኖቼ ስልካችሁ ከጥገና በላይ ከሆነ ይህንኑ ግዙ። ይሁን እንጂ ዋና ገበያው አውሮፓ ነው። መለዋወጫው መርካቶ የማይገኝ ስልክ ለአዲስ አበባ ሰው ምን ያህል ዘላቂ ነው? ደኅና ስልኩን ጥሎ «ንጹሑን» የሚገዛ ደግሞ የጲላጦስን እጅ መታጠብ ደግሟል፤ ስልክ በዕድሜው ዘመን ከሚያደርሰው የአየር ብክለት አብዛኛው የሚፈጠረው ሲመረት ነውና።

በበኩሌ የምከራከረው ለጠጋኙ ነው። በጠባብ ሱቁ አጎንብሶ የሞተ ስልክ የሚያስነሳው ወጣት ከብዙዎቻችን የዲስኩር ጋጋታ የበለጠ ለአካባቢ ጥበቃ ሠርቷል። አምራቾቹ ግን ባትሪውን በሙጫ እየለጠፉ ሥራውን ያከብዱበታል። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ በ2017 አምኗል፤ ይህንን ለደንበኞች ባለማሳወቁም ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታዋለች። አውሮፓውያን ከሰኔ 2025 ጀምሮ አምራቹ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ለ7 ዓመት፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ደግሞ ለ5 ዓመት እንዲያቀርብ አስገድደዋል። ይኸው ኩባንያ እኛ ዘንድ ሲሸጥ ይህ ግዴታ ለምን ይቀርለታል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጨረታ ሲያወጡ «ይጠገናል ወይ?» የምትለውን ጥያቄ በሰነዱ ቢያስገቡ ምን ይከብዳቸዋል?

የኮንጎን ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ለሚያነብ ወንድሜ አንድ ነገር ላክል። በጉጂ ምድር፣ ቀንጢቻ ላይ፣ ታንታለም ለዓመታት ሲወጣ ኖሯል። ማዕድኑ ለማን እንደተሸጠ፣ የአካባቢው ሕዝብ ከዚያ ምን እንዳገኘ፣ ውሃውና አፈሩስ ምን እንደደረሰበት ስንቶቻችን ጠይቀናል? የቀንጢቻን ሒሳብ የማዕድን ሚኒስቴር ለሕዝብ በዝርዝር ያሳውቅ።