እጩውን ማን ያውቀዋል?

በ2013ቱ ምርጫ በቴሌቪዥን የተከራከሩት ፓርቲዎች ነበሩ። ወንበሩን የሚይዘው ግን ሰው ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ፓርላማ ይገባል። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ያለ ወጣት ስለዚያ ሰው ከየት ይስማ? በ2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልካችን ምን ያህል እንደሚያስተማምን አይተናል። ሲሠራም ቢሆን ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ወይ ውዳሴ ነው ወይ ስድብ።

ኢኮኖሚስቱ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው መረጃ ማግኘት ወጪ አለው፤ አንድ ድምፅ ምንም አይለውጥም የሚል መራጭ ወጪውን አያወጣም። እኔ ግን ወገዳ ላይ ወጪው ርካሽ ነው ባይ ነኝ። እጩው ቀበሌ ወይም ወረዳ ሠርቶ ከሆነ የሚያውቁት ገበያም ማኅበርም ላይ አሉ። (ዘመዱን ብቻ ጠይቃችሁ አጣራን እንዳትሉ!) አዲስ አበባ ኖሮ ለምርጫ ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ይሄም አይሠራም፤ ያኔ ቅስቀሳው ላይ እጅ አውጥቶ ራሱን መጠየቅ ነው።