የካሉብ ጋዝ ለቡሬ በቆሎ

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉት የጃቢ ጠህናን ማሳዎች የሚታየው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ መስመሩን ይዞ ከእያንዳንዱ አገዳ አጠገብ በእንጨት ትንሽ ጉድጓድ ይምሳል። ተከታዩ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የቤቱ እመቤት፣ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ለክቶ ነጩን ፍሬ ጠብ ያደርግና አፈር ይመልስበታል። በእጅ በትኖ ማለፍ ጉልበት ይቆጥብ ነበር። ዩሪያ ግን አፈር ሳይለብስ ፀሐይ ላይ ከዋለ ናይትሮጂኑ በንኖ ይጠፋል፤ ጎርፍ ካገኘውም ታጥቦ ወንዝ ይወርዳል። በውድ ዋጋ የተገዛ ማዳበሪያ ሲባክን ማየት የሚችል ገበሬ የለም።

ያ ነጭ ፍሬ መነሻው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ከውኃ እንፋሎት ጋር በከፍተኛ ሙቀት ሲዋሃድ ሃይድሮጂን ይለያል፤ ሃይድሮጂኑ ከአየር ከተወሰደ ናይትሮጂን ጋር በከባድ ግፊት ተጣምሮ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው በዚያው ሂደት ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ 46 በመቶው ናይትሮጂን የሆነ ዩሪያ ይገኛል። ለአሞኒያ ምርት ከሚወጣው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጋዙ ነው። ስለዚህ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ ተከትሎ ይወደዳል። በ2012 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ከ250 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት በፈነዳበት በ2014 ዓ.ም. እስከ 900 ዶላር ደርሶ ነበር። እዚያው ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ላይ ያለ ገበሬ ስለ አውሮፓ ጋዝ ቧንቧ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ዕዳውን ግን ከፍሏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ገንዘቡን ይዞም የሚገዛው አጥቶ፣ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ ይድረሰን ብለው አደባባይ ወጥተዋል።

ከዚህ አካባቢ እጅግ ርቆ፣ በሶማሌ ክልል፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የተሰማው ዜና ለጎጃም ገበሬ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዕለት የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ፤ ጋዙን አቀዝቅዞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል የተባለለት ፋብሪካ ነው። በዚያው ዕለት በጎዴ ለዩሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መንግሥታዊው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርመው ነበር። ድርሻው 60 በመቶ ለዳንጎቴ፣ 40 በመቶ ለኢትዮጵያ ነው። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ መስኮች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ጎዴ ይደርሳል፤ ፋብሪካው በ40 ወራት አልቆ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል።

አንባቢ እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያገኘውም ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ጉድጓድ ቆፈሩ። በ2006 ዓ.ም. ከቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ጋር ውል ተፈረመ፤ ጋዙ በቧንቧ ጂቡቲ ወርዶ ወደ ውጭ ይጫናል ተባለ። ያ ቧንቧ እስከ ዛሬ የለም። የማዳበሪያው ታሪክም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ በያዩ በድንጋይ ከሰል ዩሪያ ሊያመርት የተጀመረው ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ ቆሟል፣ በ2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው የማዳበሪያ ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው ስምምነትም ፋብሪካ ሆኖ አልታየም። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጋዙ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ኖሯል። በዚህ መካከል ሕይወትም ጠፍቷል፤ በ1999 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ እዚያው ሶማሌ ክልል አቦሌ በነበረው የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል።

አሁን ግን ቢያንስ የካሉቡ ፋብሪካ ተገንብቷል፣ የጎዴውም ባለሀብት በአገሩ ተመሳሳይ ፋብሪካ ገንብቶ ያሳየ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጋዙ ይወጣል ወይስ አይወጣም ከሚለው አልፏል። ለማን ይወጣል? በስንት ይሸጣል? በዚህ ረገድ መልሱን ከምዕራብ አፍሪካ መማር ይቻላል።

ናይጄሪያ ከ200 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ በላይ የጋዝ ክምችት አላት። ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ለአሥርት ዓመታት በአየር ላይ ስታቃጥል ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ከቦኒ ደሴት በመርከብ እየጫነች ለአውሮፓና ለእስያ ትሸጣለች። ገንዘቡ መጣ። የኒጀር ዴልታ ዓሣ አጥማጅ ግን ውኃው በዘይት ተበክሎ ቀረ፣ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችም ጋዝ እያጡ መቆማቸው አልቀረም። ለጋዙ ባለቤት ኅብረተሰብ ከኩባንያዎች ዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪ 3 በመቶው በፈንድ እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ዘግይቶ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ። ሴኔጋልና ሞሪታኒያ በበኩላቸው በ2015 እ.ኤ.አ. በጋራ ድንበራቸው ባሕር ውስጥ ጋዝ አግኝተው የመጀመሪያውን መርከብ የጫኑት በ2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሥር ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ኢትዮጵያ የምትናገረው ክምችት በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ አማካሪ ድርጅት የተረጋገጠው 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነው። ከናይጄሪያ ጋር አይወዳደርም። በግርድፉ ቢሰላ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ በየዓመቱ የሚፈልገው ጋዝ የዚህን ክምችት 1 በመቶ ያህል ነው፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ፋብሪካውን ለአሥርት ዓመታት ይመግባል። ስለዚህ ባሕር በር የሌላት አገር ውድ ቧንቧ ዘርግታ ጋዙን እንዳለ ከምትሸጥ፣ በየዓመቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የምታወጣበትን ማዳበሪያ ብትሠራበት ይሻላታል። የጎዴው ውሳኔ ትክክል ነው።

ሆኖም ትክክለኛ ውሳኔ ገበሬው ደጅ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ዳንጎቴ ሌጎስ አጠገብ በሌኪ የገነባው ፋብሪካ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ልክ እንደ ጎዴው 2.5 ቢሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ነበር። ምርቱ ወደ ብራዚል፣ ወደ አሜሪካና ወደ ህንድ ይጫናል። የናይጄሪያ ገበሬ ግን ፋብሪካው በተመረቀበት በዚያው ዓመት የከረጢቱ ዋጋ ናረበት። ፋብሪካው አጠገቡ መሆኑ ብቻውን አልረዳውም፤ ሻጩ በዓለም ዋጋ መሸጥ እስከቻለ ድረስ በአገር ቤት የሚያረክስበት ምክንያት የለውም።

ይኸው ነገር ጎጃም ላይ እንዳይደገም ምን ያግደዋል? ኢትዮጵያ ለ2017/18 ምርት ዘመን ያቀደችው ጠቅላላ የማዳበሪያ ግዥ 24 ሚሊዮን ኩንታል፣ ማለትም 2.4 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ዩሪያው ከፊሉ ነው። ጎዴ በሙሉ አቅሙ ካመረተ የሚተርፈው ብዙ ነው፣ ወደ ውጭ መላኩም አይቀርም፤ የውጭ ምንዛሪም ያመጣል። ጥያቄው ሰኔ ላይ የመጀመሪያው መኪና ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ተወዷል። ጋዙ ለፋብሪካው በዶላር ከተሸጠና ዩሪያውም በዶላር ዋጋ ከተተመነ፣ የቡሬ ገበሬ የአገሩን ጋዝ በውጭ ዋጋ ይገዛል ማለት ነው። ስለዚህ ጋዙ ለፋብሪካው የሚሸጥበት ዋጋ፣ ለአገር ውስጥ የሚቀርበው መጠንና የዋጋው ቀመር ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ይህ መደረግ ያለበት ዛሬ፣ ፋብሪካው አልቆ ምርት ሳይጀምር ነው።

ከዚህም የሚበልጥ መንገድ አለ፤ ገበሬውን ባለቤት ማድረግ። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ጥቂት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰባስበው ኢፍኮ የሚባል የማዳበሪያ ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬ ከ35,000 የማያንሱ ማኅበራት ባለቤቶቹ ናቸው፤ የዓለም ትልልቅ ኅብረት ሥራ ድርጅቶች ሲጠሩ ስሙ ከፊት ይመጣል። ኢፍኮ ሲያተርፍ ትርፉ ወደ መንደር ይመለሳል። በእኛም አገር መሠረቱ አለ። ፍኖተ ሰላም ላይ የዳሞት ዩኒየን አለ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘኑ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ይወርዳል። ኅብረት ሥራ ማኅበራት አክሲዮን ገዝተው የባንክ ባለቤት እንደሚሆኑ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ አሳይቷል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ47,000 የሚበልጡ ሰዎች ገዝተዋል፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። መንግሥት ከያዘው 40 በመቶ ላይ ጥቂቱን ለገበሬ ዩኒየኖች መሸጥ ሊያስብበት ይገባል። ስለ ኢንቨስትመንት ዕድል ሲወራ ሁልጊዜ የሚታሰበው ከውጭ የሚመጣው ባለሀብት ነው። በየዓመቱ ማዳበሪያውን የሚገዛው፣ ከማንም በላይ አስተማማኝ ደንበኛ የሆነው የጎጃም፣ የአርሲና የወለጋ ገበሬ ግን በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር የለውም።

የመንገዱ ነገርም አለ። አንድ ከረጢት ዩሪያ ከጂቡቲ ቡሬ ለመድረስ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከጎዴ በጅግጅጋ፣ በአዲስ አበባ አድርጎ ቢመጣ ግን መንገዱ ከዚህ አያጥርም፣ ይረዝማል እንጂ። ጂቡቲ ቢያንስ የባቡር ሐዲድ አላት፤ ጎዴ የላትም። የትራንስፖርቱ ወጪ የጋዙን ርካሽነት ሊበላው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጭነት መኪናን ጉዞ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ በወቅቱ ያልደረሰ ዩሪያ ለበቆሎ ምንም አይፈይድም። ከጎዴ በኢሚና በጊኒር በኩል ወደ መሐል አገር የሚያወጣውን መንገድ ማጠናከር ከፋብሪካው ግንባታ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ዩሪያ ብቻውን በቂ አለመሆኑን የቡሬ አፈር ራሱ ይመሰክራል። የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይናደጋ መሬት በአሲድ የተጎዳ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ መሆኑ ይነገራል። ዩሪያ በብዛት በተጨመረ ቁጥር አሲዱን ያባብሳል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይ የሚፈጭበት ደጀን ደግሞ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው። አንድ ሄክታር የሚፈልገው ኖራ በኩንታሎች የሚቆጠር፣ ለማጓጓዝ የሚከብድ ስለሆነ አብዛኛው ገበሬ አያገኘውም። ፎስፈረስም ከጋዝ አይወጣም፤ ፎስፈረስ የያዘው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ከሞሮኮ መምጣቱን ይቀጥላል። መንግሥት ከርካሽ ዩሪያ የሚያተርፈውን የውጭ ምንዛሪ በከፊል ለኖራ ማጓጓዣ ቢያውለው ገበሬው ከዚያው ከረጢት የሚያገኘው ምርት ይጨምራል።

ቡሬ ላይ ለገበሬው ምርት ገበያው አለ። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። የአገሪቱ የዘይት ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ጥሬ ዕቃ ማጣት ነው፤ አኩሪ አተርና ሌላ የቅባት እህል በበቂ መጠን አይቀርብላቸውም። አኩሪ አተር ናይትሮጂኑን ከአየር ስለሚስብ ዩሪያ ብዙም አይፈልግም፣ ከበቆሎ ጋር በፈረቃ ሲዘራም መሬቱን ያሳርፋል። ገበሬው ከአራት ጥማዱ አንዱን ለአኩሪ አተር ለመስጠት የሚደፍረው ግን በቀሩት ሦስቱ የቤተሰቡን ቀለብ የሚሸፍን በቆሎ እንደሚያገኝ ሲተማመን ነው፤ ለዚያም ዩሪያው በወቅቱና በሚችለው ዋጋ መድረስ አለበት። የዳሞት ዩኒየንና እንደ እሱ ያሉት ዩኒየኖች በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ይህን የአክሲዮንና የዋጋ ጥያቄ አጀንዳ አድርገው ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በጽሑፍ ቢያቀርቡ ጊዜው አልረፈደም፤ ከ40ዎቹ ወራት ገና ብዙዎቹ ይቀራሉ።