«ሰዓት ስለሌለን»

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አዳመጥን። ከተማሪዎቼ አንዱ «ዘላቂነት» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጭረት ሲያሰምር አይቼ ልቆጣው አልኩና ተውኩት፤ እኔም በልቤ መቁጠር ጀምሬ ነበርና።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመካከላችን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወሰች። «አዋጁ በዕድሜ ይበልጠኛል» አለች። «ታዲያ በወንዛችን ዳር በየቁጥቋጦው የተንጠለጠለው ፌስታል ከየት መጣ? ዘንድሮ በሰኔ የጸደቀውስ አዲሱ አዋጅ የታላቅ ወንድሙ ዕጣ እንዳይደርሰው ምን ታስቧል?»

መድረክ መሪው ፈገግ ብለው «ጎበዝ! አጨብጭቡላት» አሉ። አጨበጨብን። ከዚያ «ሰዓት ስለሌለን» ብለው ወደ ሻይ ሸኙን። ለሻዩ አርባ አምስት ደቂቃ ነበረን።

ያቺ ልጅ የአቃቂ ልጅ ናት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማይቱ በላይ ካሉት ተራሮች ወርደው፣ የፋብሪካውንና የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ ያንኑ አትክልት ከተማው ገዝቶ ይበላዋል። ይህን እያየች ላደገች ልጅ ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገለጸላት። በረዶው አያሳስበን አላልኩም። ነገር ግን በረዶውን የሚጠይቅ ባለሥልጣን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ስለ ወንዙ የሚጠየቁት ግን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

ደግሞስ ያ «የነገ አገር ተረካቢ» የሚሉት ማሞካሻ! ተረካቢ እኮ የሚረከበውን ዕቃ ቆጥሮ፣ ጉድለቱን መዝግቦ ነው የሚፈርመው። እነዚህን ልጆች ግን ሳያስቆጥሩ ሊያስፈርሟቸው ይሻሉ።

በሦስተኛው ቀን ለችግኝ ተከላ እንጦጦ ወጣን። ተከላውን አልነቅፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ፤ ቁጥሩ የተከላ እንጂ የጽድቀት አለመሆኑን ያሰብኩት ኋላ ነው። ያ ጭረት አስማሪ ልጅ «በጥር ማን ያጠጣዋል?» ብሎ ጠየቀ። ችግኝ አዳዩ ሳቁና ካሜራ ወዳለበት አዞሩት።

ለቀጣዩ ጉባኤም ስድስት ተማሪ ላክ የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዱ ከሰዓት በኋላ አቃቂ ወንዝ ዳር ይሁን፣ ባለሥልጣናቱ ተቀምጠው ልጆቹ ያስረዱ፣ ሻዩም ይቅር ብዬ መልሻለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም።